ከማሰር በፊት መለየት፦ አዲስ በተፈለፈሉ ጫጩቶች ላይ ስለሚታየው የእግር ችግር



የርግብ ጫጩት ዓይኗን ሳትገልጥ ጎጆዋ ውስጥ ተኝታ ከወላጆቿ አፍ እየተጎረሰች ስታድግ፣ የዶሮ ጫጩት ግን ከቅርፊቷ በወጣች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በገዛ እግሯ ቆማ ውሃና ጥሬ ወዳለበት መሄድ ይጠበቅባታል። ስለዚህ መቆም ያቃታት ጫጩት መብላትም፣ መጠጣትም፣ ሲበርዳት ወደ ሙቀት መጠጋትም ያቅታታል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ተፈጥሮ የሰጠቻት ስንቅ ከመፈልፈሏ ትንሽ ቀደም ብሎ በእትብቷ በኩል ወደ ሆዷ የሚገባው የአስኳል ቅሪት ሲሆን፣ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ያቆያታል፤ የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን ሆነው ከቢሾፍቱ ወደ ሩቅ ወረዳዎች ተጉዘው በሕይወት የሚደርሱትም በዚሁ ስንቅ ነው። እግሯ ለታመመ ጫጩት ይህ አጭር ጊዜ ድርብ ትርጉም አለው፤ በአንድ በኩል ስንቋ ሳያልቅ መብላትና መጠጣት መጀመር ይኖርባታል፣ በሌላ በኩል ደግሞ አጥንቷና ጅማቷ ገና ለስላሳ ስለሆኑ የተጣመመው ሊቃና የሚችለው በእነዚሁ ቀናት ነው።

የዚህ ዲስኩር ዋና ሐሳብ በጫጩት ላይ የሚታይ የእግር ችግር ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን የልዩ ልዩ መንስኤዎች የጋራ ምልክት መሆኑ ነው። የተንፈራጠጠን እግር የሚያቃናው ማሰሪያ በቫይታሚን እጥረት ለተጨበጠ ጣት ምንም አይፈይድም፤ ከቦይዋ የወጣችን ጅማት ሳይመልሱ ማሰር ሥቃይ ይጨምራል፤ በተላላፊ በሽታ የሚንቀጠቀጥን እግር ማሰር ደግሞ በሽታው ወደ ሌሎች እንዲዛመት ጊዜ መስጠት ነው። ስለዚህ አርቢው ፕላስተር ከማንሳቱ በፊት ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አለበት።

ለመለየት ደግሞ በመጀመሪያ የጤነኛውን እግር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የዶሮ ጉልበት ከሆዷ አጠገብ በላባ ተሸፍኖ የሚገኝ ሲሆን፣ ከውጭ ሲታይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው መገጣጠሚያ በሰው ላይ ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚመሳሰለው ቋንጃ ነው። ከቋንጃው በታች እስከ ጣቶቹ ድረስ ያለው፣ ላባ የሌለው ቀጭን ክፍል በዚህ ዲስኩር የእግር ዘንግ ይባላል። ከባት የሚወርደው ጠንካራ ጅማት በቋንጃው ጀርባ በሚገኝ ቦይ ውስጥ አልፎ ከእግር ዘንጉ ጋር ይያያዛል፤ ጫጩቷ ስትቆም እግሯ እንዳይከዳት የሚይዛት በአመዛኙ የዚህ ጅማት ውጥረት ነው። በ21 ቀኑ የመፈልፈያ ጊዜ መጨረሻ ላይ ጫጩቷ እንቁላሉን ሞልታ፣ እግሮቿን ከሆዷ ጋር አጥፋ ትገኛለች፤ ቅርፊቱን ከበሳች በኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ትታገላለች። በዚህ ትግል የደከመችና ገና እርጥብ የሆነች ጫጩት በቋንጃዋ ብትቀመጥ ወይም ብትንገዳገድ በሽታ ነው አይባልም፤ ደርቃ፣ ሞቃ፣ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላም እግሯን መሰብሰብ ካልቻለች ግን ምርመራ ያስፈልጋታል። እንዲሁም ቶሎ ትውጣ ብሎ ቅርፊቱን መፈልቀቅ የደም ሥሮቿን ሊያቆስልና አስኳሉ ሳይገባ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ የእግር ችግር የሚባለው ድካም ራሱ ከሰው ጥድፊያ የመጣ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሞቀ እጅ፣ በቂ ብርሃንና ትዕግሥት ነው። በቅድሚያ ጫጩቷ ጆንያ ወይም ሻካራ ጨርቅ ላይ ተደርጋ አቋሟ ከሩቅ ይታያል፤ እግሮቿ ወደ ጎን ይሸሻሉ ወይስ ከሆዷ በታች ይቆያሉ፣ የምታነክሰው በአንዱ ነው ወይስ በሁለቱም፣ ጭንቅላቷና አንገቷስ ይንቀጠቀጣሉ ወይስ የረጉ ናቸው የሚለው ይስተዋላል። ቀጥሎ በመዳፍ ተይዛ እትብቷ ይታያል፤ የተዘጋና የደረቀ እትብት የጤና ምልክት ሲሆን፣ የረጠበ፣ ያበጠና የሚሸት እትብት ግን መመርቀዝን ስለሚያመለክት ጫጩቷ መቆም ያቃታት በእግሯ ሳይሆን በጠቅላላ ሕመሟ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ተይዘው ከጭን ጀምሮ ርዝመታቸውና አቅጣጫቸው ይነጻጸራል። በመጨረሻም የጣት ጫፍ በቋንጃው ጀርባ ላይ በቀስታ ይሄዳል፤ በጤነኛው እግር ላይ የተወጠረ ክር የመሰለ ጅማት በቦይው መካከል ይዳሰሳል፣ ጅማቱ በተንሸራተተበት እግር ላይ ግን የቋንጃው ጀርባ ጠፍጣፋ ሆኖ ክሩ ወደ ጎን ይገኛል። ጣቶቹም ተዘርግተው እንደሆነ ወይም እንደ ጡጫ ተጨብጠው እንደሆነ ይታያል።

ከእግር ችግሮች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት የሚያጋጥመው የእግር መንፈራጠጥ፣ ማለትም አንዱ ወይም ሁለቱም እግሮች ከጭን ጀምሮ ወደ ጎን ሸሽተው ጫጩቷ በሆዷ የምትተኛበት ሁኔታ ነው። ዋነኛው መንስኤ የሚያንሸራትት ወለል ሲሆን፣ በጋዜጣ፣ በፕላስቲክ ወይም በለሰለሰ ካርቶን ላይ የምትውል ጫጩት በእያንዳንዱ እርምጃ እግሯ ወደ ውጭ ስለሚያመልጣት፣ እግርን ወደ ውስጥ የሚስቡት የጭን ጡንቻዎች ሳይጠነክሩ መገጣጠሚያው በተጣመመበት አቅጣጫ ይለምዳል። በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ የሙቀት መዛባትም ድርሻ አለው፤ አየር በማራገቢያ በሚያዘዋውር ማሽን ውስጥ ተፈላጊው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ስለሆነ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ማሽኑ ሲቀዘቅዝና ከመጠን በላይ ሲሞቅ የሚቆይ ከሆነ ከሚወጡት ጫጩቶች መካከል እግራቸው የደከመና የተጣመመ ይበዛል።

ለዚህ ችግር ማሰር ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተጀመረ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ውስጥ ከሆነ ሲሆን፣ ከሳምንት በኋላ የመዳን ተስፋው በጣም ይመነምናል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሕክምና ፕላስተር ይቆረጥና አንደኛው ጫፍ ከቋንጃው በታች በአንዱ የእግር ዘንግ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ተትቶ ሌላው ጫፍ በሁለተኛው እግር ላይ ይጠመጠማል፣ መካከሉ ላይ የቀረው የሚያጣብቅ ገጽም ጉዝጓዙን እንዳይለቅም በሌላ ቁራጭ ፕላስተር ይሸፈናል። የክፍተቱ ልክ እግሮቹ ከጭኖቿ በታች ቀጥ ብለው እንዲቆሙ የሚያደርግ መሆን አለበት፤ ከጠበበ ጫጩቷ ወደ ፊት ትደፋለች፣ ከሰፋም ማሰሪያው ጥቅም የለውም። ጥብቀቱ ደግሞ ፕላስተሩ የማይወልቅ ሆኖ ደም ዝውውርን የማያግድ ሊሆን ስለሚገባ፣ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጣቶቹ አብጠው፣ ጠቁረው ወይም ቀዝቅዘው እንደሆነ ይታያል። ጫጩት በፍጥነት ስለምታድግ ማሰሪያው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፤ ፕላስተሩ ቆዳዋን እንዳይልጥ ጥቂት የምግብ ዘይት ነክቶት ይለሰልስና ይፈታል፣ ከዚያም ጫጩቷ ያለ ማሰሪያ ሻካራ ጨርቅ ላይ ትፈተናለች። በወቅቱ የተጀመረ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ውስጥ ውጤት ያሳያል።

የጣት ችግር ሁለት ዓይነት ሲሆን ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። አንደኛው የጣት መጣመም ነው፤ ነርቩ ጤነኛ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ወደ ጎን ዞሮ የሚገኝበት ይህ ጉድለት በእንቁላል ውስጥ በነበረ አቀማመጥ ወይም በመፈልፈያው ሙቀት መዛባት ሊመጣ ስለሚችል፣ ከተዘረጋው እግር ትንሽ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ቀጭን ካርቶን ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ በፕላስተር በማጣበቅ፣ ማለትም ጊዜያዊ ጫማ በማድረግ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቃና ይችላል። ሁለተኛው የጣት መጨበጥ ሲሆን፣ ጣቶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ተኮማትረው ጫጩቷ በቋንጃዋ የምትሄድበት፣ በራይቦፍላቪን ማለትም በቫይታሚን ቢ 2 እጥረት የሚመጣ የነርቭ ሕመም ነው። በዚህ ሕመም ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ያብጣል፤ ጣቱን የሚጨብጠውም የጣቱ አጥንት ሳይሆን የነርቩ መጎዳት ስለሆነ የካርቶን ጫማ አያድነውም። የሚያስፈልጋት በውሃ የሚበጠበጥ የቫይታሚን ዝግጅት ሲሆን መጠኑም በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር ይወሰናል። ሕመሙ ገና ሲጀምር ቫይታሚኑን ያገኘች ጫጩት በቶሎ ታገግማለች፤ ጉዳቱ ከቆየ ግን ነርቩ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

የራይቦፍላቪን ነገር አርቢውን ከጫጩቷ ወደ እናቷ ይመራዋል። ጫጩት በኪሎ መኖዋ ውስጥ 3.6 ሚሊግራም ያህል ራይቦፍላቪን ያስፈልጋታል፤ በቆሎና ሌሎች የእህል ዓይነቶች በዚህ ቫይታሚን ደሃ ሲሆኑ ወተት፣ ጉበት፣ እርሾና እንደ አልፋልፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ግን ሀብታም ናቸው። ሜዳ ላይ ስትጭር የምትውል የአበሻ ዶሮ ሣርና ትል እየለቀመች የእህሉን ጉድለት በከፊል ታሟላለች፤ ተዘግታ በቆሎ ብቻ የምትመገብ ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ዕድል ስለሌላት እጥረቷን በእንቁላሏ በኩል ለልጇ ታወርሳለች። ስለዚህ ለማስፈልፈያ የሚሆን እንቁላል የምትጥል ዶሮ መኖዋ ቫይታሚንና ማዕድን የያዘውን ፕሪሚክስ የሚባለውን ቅመም መያዝ ይኖርበታል።

ከዚሁ የመኖ ጉዳይ ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ችግር የጅማት መንሸራተት ሲሆን፣ በሳይንሱ ፔሮሲስ የሚባለው ይህ ሕመም የቋንጃው መገጣጠሚያ ሰፍቶና ጠፍጥፎ፣ የባቱ ጅማት ከቦይው ወጥቶ፣ የእግር ዘንጉ ወደ ጎን የሚጣመምበት ነው። ለረጅም ጊዜ መንስኤው ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዊልገስ፣ ኖሪስና ሂውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ሕመሙን እንደሚከላከል አሳዩ፤ ቆየት ብሎም ኮሊንና ባዮቲንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች እጥረትም ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያስከትል ታወቀ። በቆሎ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም በታች ማንጋኒዝ ሲይዝ የጫጩት ፍላጎት ግን 60 ሚሊግራም ያህል ነው፤ የስንዴ ፉርሽካ በአንጻሩ ከ100 ሚሊግራም በላይ ስለሚይዝ በበቆሎ ላይ የሚጨመር ፉርሽካ ለሆድ መሙያ ብቻ አይደለም። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ካልሲየምና ፎስፈረስ ከመጠን ሲበዙ ማንጋኒዝ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግዱ መሆናቸው ነው፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ የካልሲየም መጠኑ ከጫጩት መኖ ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጣይዋ የምትበላውን ለጫጩት ማካፈል ኩላሊቷንም እግሯንም ይጎዳል።

ጅማቱ ከተንሸራተተ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሆነው እንደሆነ እግሩን በቀስታ ወደ ኋላ በመዘርጋት ጅማቱን በአውራ ጣት ወደ ቦይው መመለስና ቋንጃውን በለስላሳ ፋሻ ለጥቂት ቀናት መደገፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ሕመም ያለበት ሥራ ስለሆነ፣ ጫጩቷ የምትጮኸው ጩኸትም ከተለመደው ጭውጭውታ የተለየ ስለሆነ፣ የለመደ ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል። መገጣጠሚያው ቅርጹን ከለወጠ በኋላ ማንጋኒዝ ቢሰጥ የሚጠቅመው ገና ያልታመሙትን እንጂ የታመመችውን አይደለም።

አራተኛው ወገን የአጥንት መለስለስ ወይም ሪኬትስ ነው። ይህ በተፈለፈለችበት ቀን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚታይ ቢሆንም፣ መከላከሉ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ እዚህ መጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሃርት፣ ሃልፒንና ስቲንቦክ ተዘግተው በሚያድጉ ጫጩቶች ላይ የሚታየውን የእግር መዛል አጥንተዋል፤ በዚያ ዘመን በተደረጉ ምርምሮችም ሕመሙ ከቫይታሚን ዲ እጥረት እንደሚመጣና የፀሐይ ብርሃን እንደሚከላከለው ተረጋግጧል። የተለመደ የመስኮት መስታወት ቫይታሚኑን በቆዳ ላይ የሚያመርተውን ጨረር ስለሚያስቀር፣ በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ሙቀት ይሰጥ እንደሆነ እንጂ አጥንት አያጠነክርም፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ጫጩቶችን ጥላ ባለበት ደጅ ለጥቂት ጊዜ ማውጣት ግን ወጪ የሌለው መድኃኒት ነው።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ከአንዷ ጫጩት ወደ ሌላዋ አይተላለፉም፤ አንዳንድ የእግር ችግር ግን የተላላፊ በሽታ ምልክት ነው። ጭንቅላትና አንገት እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ መቆም ቢያቅታቸው፣ ከታመመች እናት በእንቁላል በኩል የሚተላለፈው የአንጎል ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም የሚያድን መድኃኒት የለውም። አንገት መጣመም፣ የክንፍና የእግር መዛል፣ የመተንፈስ ችግርና አረንጓዴ ተቅማጥ አብረው ከታዩ ደግሞ በአገራችን አርቢዎች ዘንድ ፈንግል የሚባለው በሽታ ሊጠረጠር ይገባል፤ ለዚህ በሽታ መከላከያ የሚሆነው ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ሃንጋሪያዊው የእንስሳት ሐኪም ዮዜፍ ማሬክ እ.ኤ.አ. በ1907 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው በሽታም አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ የሚያዘረጋ ቢሆንም፣ ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሦስት ቀን ጫጩት ላይ የሚታይ አንካሳነት በእርሱ ሊሳበብ አይችልም፤ ክትባቱ ግን በተፈለፈለችበት ቀን መሰጠት አለበት። ተላላፊ በሽታ በተጠረጠረ ጊዜ ጫጩቶቹን መሸጥም ሆነ ለጎረቤት መስጠት አይገባም፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊጠራ ይገባል።

መንስኤው የትኛውም ቢሆን የታመመች ጫጩት የምትቆይበት ስፍራ የሕክምናዋ ግማሽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በጀርባዋ ከፍታ ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ያስፈልጋታል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ጤነኞች ጫጩቶች ሲበርዳቸው ተደራርበው፣ ሲሞቃቸው ደግሞ አፋቸውን ከፍተው በመራቅ ሙቀቱን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ እግሯ የታሰረች ጫጩት ግን ከአምፖሉ መሸሽ ስለማትችል አርቢው ስለ እርሷ ሆኖ ሙቀቱን ማስተካከል አለበት። ወለሉ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆንያ ወይም ሻካራ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰጋቱራ ለጥሩ ጉዝጓዝነት የሚያገለግል ቢሆንም፣ በጣም የደቀቀውን ሰጋቱራ መኖ መስሏት ልትለቅመው ስለምትችል መብላት እስክትለምድ ቢቆይ ይሻላል። ውሃው ለብ ያለና ጠጠር በተደረደረበት ጥልቀት በሌለው ዕቃ መቅረብ አለበት፤ ሚዛኗን የሳተች ጫጩት በጥቂት ውሃ ውስጥም ትሰጥማለችና። በቀን ብዙ ጊዜ ምንቃሯን ውሃው ላይ በቀስታ ማስነካት፣ የረጠበ የጫጩት መኖም ከፊቷ ማቅረብ ያስፈልጋል።

በገጠር የዶሮ እርባታ ሥራ የሚታወቀው፣ ግድግዳው በድርቆሽ ተሞልቶ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት የሚይዘው ሣጥን መብራት ለሌለበት ቤት ታላቅ መፍትሔ ቢሆንም፣ ጫጩቶች ተፋፍገው የሚያድሩበት ስለሆነ መቆም ለማትችለው ስፍራዋ አይደለም፤ ትረገጣለች፣ ፕላስተሯም ይነቀራል። ብቻዋን ብትሆን ደግሞ ያለ ማቋረጥ ስለምትጮህና ኃይሏን ስለምትጨርስ፣ በወንፊት ሽቦ ተከልላ ሌሎቹን እያየች እንድትውል ወይም አንዲት ረጋ ያለች ጓደኛ አብራት እንድትሆን ማድረግ ይበጃል። ጫጩት ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ስለምትችል፣ የሚንከባከባት ሰው እጁን በሳሙና ሊታጠብና ሣጥኗን ምግብ ከሚዘጋጅበት ክፍል ሊያርቅ ይገባል።

እንክብካቤ ወሰን አለው። ጫጩቷ እየበላችና እየጠጣች፣ በየቀኑ ጥቂትም ቢሆን እየተሻላት ከሆነ መቀጠል ተገቢ ነው፤ ሕክምናው በአግባቡ ተሰጥቷት ሳምንት ሙሉ ለውጥ ካላሳየች፣ መብላት ካቆመች ወይም መገጣጠሚያዋ ከተበላሸ ግን በባለሙያ እጅ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ ጭካኔ ሳይሆን ርኅራኄ ነው። የዳነችዋም ብትሆን የችግሯ መንስኤ ካልታወቀ ለዘር ባትቀር ይመረጣል፤ ከእግር ጉድለቶች መካከል ከወላጅ የሚወረሱ አሉና።

በመጨረሻም ከአንድ ፍልፈላ የታመሙት ስንት እንደሆኑና መቼ እንደታመሙ መመዝገብ ከማንኛውም ፕላስተር የበለጠ ዋጋ አለው። ከብዙ ጤነኞች መካከል አንዲት ብቻ ስትታመም ነገሩ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ከቅርፊት ሲወጡ ጀምሮ ከተጣመሙ የመፈልፈያው ሙቀት ወይም የእናቶቻቸው መኖ ይመረመራል፤ ደህና ወጥተው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከተንፈራጠጡ ወለሉ ይቀየራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከዛሉ ደግሞ የራሳቸው መኖና ፀሐይ ማግኘታቸው ይታያል። እንዲህ መዝግቦ የሚይዝ አርቢ ዛሬ የታመመችውን ጫጩት በማከም ሳይወሰን፣ ከሚቀጥለው ፍልፈላ የሚወጡት ጫጩቶች ማሰሪያ የማያስፈልጋቸው እንዲሆኑ ያደርጋል።